የተውሶ ብርሃን

ቀለም ያልቆጠርሁ ሰው ነኝ፤ ከአራተኛ ክፍል የወጣሁ፤
ለኦንዲና ስል ግን ነጭ ብቻ አርባ አንድ ቆጠርሁ።

ፖርቶ ውስጥ፣ ከዶውሮ ወንዝ ሽቅብ፣ በአዳላጩ የድንጋይ ደረጃ፣
ቤቷ ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ ባልዲ ተሸክሞ ለወጣ የዕድሜ ማስረጃ።
መንገዱ ከመጥበቡ የተነሣ፣ ጨው ያለቀባት ሴት
እጇን በመስኮት ትዘረጋለች፤ ትቀበላለች ከማዶ ቤት።

ፀሐይ ክፍሏን አታውቀውም። መስኮቱ ሰሜን ያያል።
የሰሜን ብርሃን ሰማያዊ ነው፤ ነጭ ሲነካ ያመዋል፤
ከንፈሩ እንደ በረደው ልጅ ይጠቁራል።

«ክሬም ይሁን» አልኋት፤ «ጥቂት ቢጫ ጠብ ያለበት፤
ቀዝቃዛ ቤት ሹራብ ይሻል።» እሷ ግን ጓንት ሰፊ ናት፤
ለሙሽራ፣ ለጳጳስ፣ አርባ ዓመት ነጭ የዳሰሰ ጣት
ከቀለም ቀቢ ጋር ስለ ነጭ ይከራከራል? «ነጭ» አለች፤ አበቃለት።

የሱቁን ካርድ ኪሴ ከተትሁ፤ የሱቅ አምፖል ይዋሻል፤
እዚያ ወተት ያልኸው እዚህ ኖራ ሆኖ ይጠብቅሃል።
አራት ካርቶን ቀባሁላት፦ ግድግዳ እግር የለውም፣
ካርቶን ግን ይዞራል እንደ እንግዳ፣ ጥግ አይመርጥም።
ጠዋት ከበሩ ጀርባ፣ ቀትር ከአልጋው ራስጌ፣
ማታ አምፖሉ ሲበራ ከቁም ሣጥኑ ግርጌ።
ሦስት ቀን ተመላለስሁ፤ ብሩሼ ደረቅ፣ ኪሴ ባዶ፤
ጓደኞቼ ሳቁ፦ «ቤልሚሮስ?» «ብርሃን ሊያግድ ሄዶ!»

በሁለተኛው ቀን፣ ልክ አሥር ሰዓት ላይ፣
አራቱም ካርቶኖች ማር ነካቸው። ዘወር ብዬ ሳይ፣
ፀሐይ ማዶ የዙልሚራን ግድግዳ ትመታለች፣
አስኳል የመሰለውን፤ ከዚያ ነጥራ በመስኮት ትገባለች፣
ሳታንኳኳ፣ ሳትጠየቅ፣ ጣሪያውን ታቀላለች።
«ይህ ቢጫ ያንቺ አይደለም» አልኋት። «አውቃለሁ» አለች፤
«ሠላሳ ዓመት ተዋስሁት። ዙልሚራ መልሺ አላለች።»

ነጭ ቀባን። ከካርዱ አሥራ ሰባተኛውን፣
ምንም ያልገባበትን፣ ቀኑን ሙሉ ዝም የሚለውን፣
አሥር ሰዓት ሲሆን ብቻ የጎረቤት ወሬ የሚሰማውን።

በጥቅምት ደወለች።
«ነጩ ሞተብኝ፤ መጥተህ እየው።»
ዙልሚራ፣ ጉልበቷ ደረጃውን እምቢ ብሎ፣ ልጇ ጋ ብራጋ ሄዳለች።
ቤቱን የገዙት ለመንገደኛ ሊያከራዩት ግራጫ ቀብተውታል፤
ማንንም የማያስቀይም ግራጫ፣ የማንም ያልሆነ።

ጠበቅን፣ አውቶቡስ እንደሚጠብቁ ሰዎች፣ ቆመን፣ ሳንነጋገር።
አሥር ሰዓት ሆነ። ፀሐይ ማዶ መታች። ግራጫው ዋጣት።
የተረፈችው እንደ ሳህን እጣቢ ገርጥታ መጣች፤ ነጬ ጠጣት።

ያን ጊዜ ነገርኋት፣ ሠላሳ ዓመት የደበቅሁትን ጉድ፦
ያን ግድግዳ የቀባሁት እኔ ነኝ፤ ወጣት፣ ችኩል፣ እብድ፤
ዙልሚራ ያዘዘችው ገለባማ ነበር፤ ቢጫውን አፍስሼ አበዛሁ፤
ጮኸችብኝ። ግማሽ ክፍያ ተቀብዬ ወጣሁ።
ኦንዲና ሳቀች፣ ወንበር እስኪያስፈልጋት፤
«እና ስሕተትህን ነው በየቀኑ ስሞቀው የኖርሁት?»

ግድግዳውን አልነካነውም። የመስኮቱን ጉንጮች ብቻ፣
ግራና ቀኝ፣ ድንጋዩ ወደ ውስጥ የሚታጠፍባትን ስንዝር ቦታ፣
በዚያው ቢጫ ቀባሁ፤ ዛሬም እጄን አልሰበሰብሁ።

እንደ ድሮው አይደለም። አልዋሽም።
አሥር ሰዓት ላይ አንዲት ጠብታ ማር አልጋው ጫፍ ትወርዳለች፤
ጓንት ታህላለች፤ ኦንዲና እጇን ታጠልቅባታለች።

ሒሳብ ስንተሳሰብ ግማሹን ቆጠረችልኝ።
«ሌላው ግማሽ የዙልሚራ ነው» አለችኝ።